አክሲዮንን እንደ ቦንድ፣ ቦንድን እንደ መዋጮ

ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በአዲስ አበባ ደወሉን ደውሎ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ጥቂት ጥሪት ያለው ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ያነሳል፤ «አክሲዮን ይሻላል ወይስ ቦንድ? በዓመት ብዙ የሚከፍለው የትኛው ነው?» ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት የሚጠይቅ ሰው መቼም አይነቀፍም። ችግሩ ጥያቄው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ሚዛን ማስቀመጡ ላይ ነው። አክሲዮን «በዓመት ይህን ያህል እከፍላለሁ» የሚል ቃል የለበትም። ቦንድ ቃል አለበት፤ ቃሉ የተገባው ግን በብር ቁጥር እንጂ ብሩ በሚገዛው ጤፍ አይደለም። ይህን ሳይለይ «የቱ ይበልጣል?» የሚል ሰው መልስ ቢያገኝ እንኳ መልሱ አይረዳውም።

የእኛ አገር ቆጣቢ ስለ አክሲዮንና ቦንድ ፈጽሞ አያውቅም የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሁለቱንም ያውቃቸዋል፤ የያዛቸው ግን በተገላቢጦሽ ነው። የባንክ አክሲዮን የገዛው ሰው የትርፍ ድርሻውን እንደ ወለድ ቆጥሮ በየዓመቱ ይጠብቃል፤ ባንኩ ምን እያበደረ እንዳተረፈ አይጠይቅም፣ ድርሻው ሲቀንስ ግን እንደተካደ ሰው ይቆጣል። የሕዳሴ ግድብ ቦንድ የገዛው ደግሞ ወለዱ ስንት እንደሆነና ገንዘቡ መቼ እንደሚመለስ ሳይጠይቅ ሰርተፍኬቱን መሳቢያ ውስጥ ከቶ ረስቶታል። ባለቤት በሆነበት ቦታ እንደ አበዳሪ ያስባል፤ ባበደረበት ቦታ እንደ ለጋሽ። አዲሱ ገበያ ይህን ዝንባሌ እንዳለ ይዞ ከቀጠለ፣ የሚጎዳው ከሁሉ በፊት ጥቂት ገንዘብ ያለው ሰው ነው።

ማበደርና የእኩል መግባት

አንድ ገበሬ የበሬ መግዣ ቸገረው እንበል። ገንዘብ ያለው ጎረቤቱ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ማበደር ነው፤ ዝናቡ ቢመጣም ቢቀርም፣ አዝመራ ሲሰበሰብ ገበሬው ዋናውን ከነወለዱ ይመልሳል። ሁለተኛው የእኩል መግባት ነው፤ ጎረቤትየው በሬውን ገዝቶ ምርቱን ይካፈላል። ዓመቱ ካማረ ጎተራው ይሞላል፣ ዝናቡ ከቀረ ግን ከገበሬው ጋር አብሮ ይራባል። ቦንድ የመጀመሪያው ውል ነው፤ አክሲዮን ሁለተኛው። የቀረው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

በሕጉ ቋንቋ ሲነገር ባለአክሲዮን የድርጅቱ ባለድርሻ ነው። በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ይሰጣል፣ የዳይሬክተሮች ቦርድ ይመርጣል፤ ትርፍ ሲኖርና ጉባኤው ይከፋፈል ብሎ ሲወስን ድርሻውን ይወስዳል። ትርፍ ከሌለ ወይም ጉባኤው ትርፉ ለማስፋፊያ ይዋል ካለ፣ «ቃል ገብታችሁልኝ ነበር» ብሎ የሚከስበት ሰነድ የለውም። በምላሹ ድርጅቱ ቢያድግ ዕድገቱ የእሱም ነው፤ ጣሪያ የለውም። ኪሳራው ግን ወለል አለው፤ በ1952ቱ የንግድ ሕግም ሆነ በ2013 ዓ.ም. በተካው አዲሱ ሕግ፣ የአክሲዮን ማኅበር ባለድርሻ የሚከስረው ለአክሲዮኑ ያዋጣውን ያህል ብቻ ነው። ማኅበሩ ዕዳ ውስጥ ቢዘፈቅ የባለድርሻው ቤት አይሸጥም።

የቦንድ ባለቤት በአንጻሩ አበዳሪ ነው። ድምፅ የለውም፤ ድርጅቱ ትርፉን አሥር እጥፍ ቢያደርግም ከተስማማበት ወለድ በላይ አንዲት ሳንቲም አያገኝም። ያለው ትልቅ መብት ቅድሚያ ነው። ድርጅቱ ሲፈርስ በመጀመሪያ ዕዳ ይከፈላል፣ ባለአክሲዮኑ የሚመጣው ከሁሉም ኋላ የተረፈ ነገር ካለ ነው። አንባቢ «ቦንድ ያስተማምናል» ሲባል የሚሰማው ነገር ምንጩ ይኸው ቅድሚያ ነው፤ ትክክልም ነው። የሚያስተማምነው ከምን እንደሆነ ግን ወረድ ብለን እንመለስበታለን።

እምነቱ ወለድ የሚከለክለው አንባቢ እዚህ ላይ ምርጫው ከሌላው እንደሚለይ ማስታወስ ያስፈልጋል። የተለመደው ቦንድ ለእሱ አይሆንም፤ በተፈቀደ ሥራ ላይ የተሰማራ ድርጅት አክሲዮን ግን ትርፍና ኪሳራን መካፈል ስለሆነ በብዙ የሸሪዓ ሊቃውንት ዘንድ በቅድመ ሁኔታ የተፈቀደ ነው። በሌሎች አገሮች የሚሠራበት ሱኩክም ቦንድን የሚተካው ወለድን በንብረት ኪራይ ወይም በትርፍ ድርሻ ለውጦ ነው። ገበያችን ይህን ቶሎ ካላሰበበት ከአገሩ ቆጣቢ ግዙፍ ክፍል የሆነውን ከደጅ ያስቀረዋል።

የባንክ አክሲዮን ያስለመደን ነገር

አክሲዮንን እንደ ቦንድ የማየት ልማዳችን ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። የግል ባንክ ማቋቋም ከተፈቀደበት ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ ለተራው ባለጥሪት «አክሲዮን» ማለት ከሞላ ጎደል የባንክና የኢንሹራንስ አክሲዮን ማለት ነው። እነዚህ ባንኮች ያደጉት በታጠረ ግቢ ውስጥ ነበር። የውጭ ባንክ አይገባም፤ ቆጣቢው ከዋጋ ንረት በታች የሆነ ወለድ እየተቀበለ ገንዘቡን ያስቀምጣል፤ ብድር ፈላጊው ወረፋ ይይዛል። በእንዲህ ያለ ሜዳ አለማትረፍ ራሱ ችሎታ ይጠይቃል። ስለዚህ የትርፍ ድርሻው ዓመት ጠብቆ መጣ፤ ሰውም አክሲዮን በየዓመቱ የማይቀር ገቢ ነው ብሎ ለመደ።

ከዚህ ልማድ የተወለደው ትልቁ ስሕተት የመቶኛው ነው። «እገሌ ባንክ ዘንድሮ 30 በመቶ አከፋፈለ» ሲባል መቶኛው የሚሰላው አክሲዮኑ ከተጻፈበት ዋጋ ነው። 1,000 ብር የተጻፈበት አክሲዮን 300 ብር ከፈለ ማለት ነው። አክሲዮኑን ከሌላ ሰው በ2,500 ብር የገዛው ሰው ግን ያገኘው 30 ሳይሆን 12 በመቶ ነው። አሻሻጩ የሚነግረው የመጀመሪያውን ቁጥር ነው፤ ገዢው መጠየቅ ያለበት ሁለተኛውን። ከዚህ ሌላ ባንኮች የብሔራዊ ባንክን መመሪያ ለማሟላት ካፒታላቸውን በተደጋጋሚ ሲያሳድጉ ቆይተዋል፤ ዝቅተኛው መጠን 5 ቢሊዮን ብር እንዲደርስ የተሰጠው ጊዜ እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. ነበር። ብዙ ባለአክሲዮን በአንድ እጁ የተቀበለውን የትርፍ ድርሻ በሌላ እጁ ለተጨማሪ አክሲዮን ከፍሏል። ያልከፈለው ደግሞ ኬኩ ሲከፋፈል ቁራሹ ቀጠነበት። ወለድ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይሆንም ነበር።

ሕጉም ሲለዋወጥ ባለድርሻውን ይነካል። በ2009 ዓ.ም. አካባቢ የውጭ ዜግነት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በባንክና በኢንሹራንስ ያላቸውን አክሲዮን እንዲያስረክቡ ታዘዘ። የተመለሰላቸው የተጻፈበት ዋጋ ነበር፤ አክሲዮኑ በጨረታ ከዚያ በላይ ሲሸጥ ብልጫው ለእነሱ አልሆነም። በ2011 ዓ.ም. ሕጉ ተቀይሮ እንደገና ተፈቀደላቸው። ታኅሣሥ 2017 ላይ ደግሞ ፓርላማው የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደውን አዋጅ አጸደቀ። የግቢው አጥር ሲፈርስ የትኛው ባንክ በብቃቱ፣ የትኛው በአጥሩ ያተርፍ እንደነበር ይለያል። የትርፍ ድርሻውን ብቻ ሲቆጥር የኖረ ባለአክሲዮን ይህን የሚያውቀው ሁሉም ካወቀ በኋላ ነው።

የኢትዮ ቴሌኮም ሽያጭ የዚህን አስተሳሰብ ወሰን አሳይቷል። ከጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ ማለትም የድርጅቱ 10 በመቶ፣ እያንዳንዱ በ300 ብር በቴሌብር ለሽያጭ ቀረበ። ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን ወይም 9,900 ብር ነበር፤ ከፍተኛው 3,333 አክሲዮን። የካቲት ላይ ሽያጩ ሲዘጋ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ገደማ፣ የተሰበሰበውም 3.2 ቢሊዮን ብር ያህል ነው። ገዢዎቹ ከ47 ሺህ ይበልጡ ነበር። ከቀረበው አንድ አሥረኛው ብቻ በመሸጡ «ሕዝቡ አክሲዮን አይወድም» ያሉ ነበሩ። እኔ የማየው ሌላ ነው። አንድ አክሲዮን 300 ብር ከሆነ ድርጅቱ በሙሉ 300 ቢሊዮን ብር ተገምቷል ማለት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው በጀት ዓመት ያስታወቀው ትርፍ ወደ 22 ቢሊዮን ብር ይጠጋል። ገዢው የሚከፍለው የዓመት ትርፉን 14 እጥፍ ያህል ነው፤ ትርፉ በሙሉ ቢከፋፈል እንኳ ለ300 ብሩ የሚደርሰው 22 ብር፣ ከ7 በመቶ ትንሽ ከፍ ያለ ይሆናል።

ታዲያ ይህ ውድ ነው ወይስ ርካሽ? አክሲዮንን እንደ ቦንድ ለሚያይ ሰው ውድ ነው፤ ባንክ ቁጠባ ላይ ቢያስቀምጥ ያንኑ ያህል ያገኛል። እንደ ባለቤት ለሚያስብ ሰው ጥያቄው ገና መጀመሩ ነው። የዳታ ተጠቃሚው በአምስት ዓመት ውስጥ ምን ያህል ይጨምራል? ተፎካካሪው ሳፋሪኮም ምን ያህሉን ይወስዳል? ታሪፉን የሚወስነው ገበያው ነው ወይስ መንግሥት? ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በመንግሥት እጅ ባለ ድርጅት ውስጥ የትንሹ ባለድርሻ ድምፅ ምን ይፈይዳል? እነዚህን ጠይቆ የተወም፣ ጠይቆ የገዛም አላጠፋም። ያጠፋው «በዓመት ስንት ይከፍላል?» ብቻ ብሎ የወሰነው ነው።

ቦንድ ከምን ይጠብቃል?

አሁን ወደ ቦንዱ እንምጣ። የሕዳሴው ግድብ በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር የመንግሥት ሠራተኛው የወር ደመወዙን በዓመት ውስጥ ከፋፍሎ ቦንድ ገዛ፤ ሊስትሮውም ነጋዴውም አርሶ አደሩም እንደ አቅሙ ገዛ። ወለዱ በመጀመሪያው ጊዜ እንደ ቆይታው 5.5 እና 6 በመቶ ነበር። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ያ ገንዘብ ውሃ ውስጥ አልገባም፣ ውሃ ገደበ እንጂ። ለአገሩ ብሎ ለሰጠው ሰው ከዚህ የበለጠ ትርፍ የለም። ነገር ግን እንደ ገንዘብ ማስቀመጫ ሒሳቡን እንየው። 10,000 ብር በ6 በመቶ፣ ወለዱም ወለድ እየወለደ፣ በአምስት ዓመት 13,382 ብር ይሆናል። በዚያው አምስት ዓመት ዋጋ በየዓመቱ 20 በመቶ ቢጨምር፣ ድሮ በ10,000 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ 24,883 ብር ይጠይቃል። ቦንዱ ቃሉን አላጠፈም፤ የቆጣቢው አቅም ግን ወደ ግማሽ ወርዷል። ሃያ በመቶ ያልኩት አጋንኜ አይደለም፤ ከ2013 እስከ 2016 በነበሩት በጀት ዓመታት አማካዩ የዋጋ ንረት ከዚያ በታች አልወረደም።

መንግሥት በራሱ ገንዘብ የተበደረውን መክፈል አያቅተውም፤ ብሩን የሚያሳትመው እሱ ነው። ስለዚህ በብር የተሸጠ የመንግሥት ቦንድ «አይከፈልም» የሚለው ስጋት ትንሽ፣ «ተከፍሎ ምንም አይገዛም» የሚለው ስጋት ግን ትልቅ ነው። በውጭ ገንዘብ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. በዓለም ገበያ 1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንድ በ6.625 በመቶ ወለድና በአሥር ዓመት ቆይታ ሸጠች። ታኅሣሥ 2016 ላይ 33 ሚሊዮን ዶላር የሚሆነው የወለድ ክፍያ ሳይከፈል ቀረ፤ አገሪቱም ዕዳ መክፈል ካቃታቸው አገሮች መዝገብ ገባች። ገንዘቡ ከዚህ ግዙፍ ኢኮኖሚ አንጻር ሲታይ ብዙ አልነበረም፤ ዶላር ግን አዲስ አበባ አይታተምም። ቦንድ ያስተማምናል የሚል ሰው «በማን ገንዘብ የተጻፈ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ሦስተኛው ነገር ብዙ ሰው ጨርሶ ያልሰማው ነው፤ ቦንድ ራሱ ዋጋው ይወጣል፣ ይወርዳል። 1,000 ብር የተጻፈበትና በዓመት 9 በመቶ ወለድ የሚከፍል፣ አምስት ዓመት የቀረው ቦንድ ያለው ሰው ገንዘብ ቸግሮት ሊሸጠው ወጣ እንበል። በዚያ ጊዜ አዲስ ቦንድ 15 በመቶ የሚከፍል ከሆነ፣ የእሱን በ1,000 ብር የሚገዛው ሞኝ አያገኝም። የሚያገኘው 800 ብር ገደማ ነው። ወለድ ሲወጣ የቆየ ቦንድ ዋጋ ይወርዳል፤ ወለድ ሲወርድ ይወጣል። ዘመኑ በረዘመ ቁጥር መዋዠቁ ይብሳል። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. የአሜሪካው ሲሊከን ቫሊ ባንክ የወደቀው ሌባ ዘርፎት አይደለም። በአብዛኛው መንግሥት ዋስ የሆነባቸውን ረጅም ጊዜ የሚቆዩ ቦንዶች በዝቅተኛ ወለድ ገዝቶ ነበር፤ ወለድ ሲንር 21 ቢሊዮን ዶላር የሚያህለውን በ1.8 ቢሊዮን ዶላር ኪሳራ ሸጠ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ደንበኞቹ ገንዘባቸውን ለማውጣት ተሯሩጠው አሰጠሙት። እስከ መክፈያው ቀን መጠበቅ የቻለ ሰው ይህ አይነካውም። ችግር ቀን አይመርጥምና፣ መጠበቅ መቻሉን አስቀድሞ ማን ያውቃል?

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። የባንክ አክሲዮን ያለው ሰው ሳያውቀው የቦንድ ባለቤትም ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለስምንት ዓመታት ያህል የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶውን ለብሔራዊ ባንክ ሰነድ መግዣ እንዲያውሉ ይገደዱ ነበር፤ ወለዱ ሲጀመር 3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ ብድር 20 በመቶው ለአምስት ዓመት የመንግሥት ግምጃ ቤት ቦንድ እንዲውል ታዘዘ። በነዚያ ዓመታት ባለአክሲዮኑ «ትርፌ ለምን አነሰ?» ብሎ ቦርዱን ሲወቅስ፣ መልሱ ከፊሉ ቦርዱ ጋ አልነበረም።

ተቃራኒው ወገን ምን ይላል?

«አክሲዮን ቁማር ነው» የሚሉ ሰዎች ባዶ አፋቸውን አይደሉም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «በምሥረታ ላይ» እየተባሉ በየመገናኛ ብዙኃኑ አክሲዮን ከሸጡ ማኅበራት መካከል ፋብሪካውም ቤቱም ሳይታይ የቀሩ አሉ። ገዢው መሸጥ ሲፈልግ የሚያገኘው ደላላና ውልና ማስረጃ ብቻ ነበር፤ ዋጋውን ከሌላ ዋጋ ጋር የሚያወዳድርበት ቦታ አልነበረም። ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ ስጋቱ ሥር አለው። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ አካባቢ አዲስ አበባ ውስጥ በብሔራዊ ባንክ ጥላ ሥር አክሲዮን የሚገበያይ ቡድን ነበር፤ ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ባንኮችና ኢንሹራንሶች ሲወረሱ፣ ቀጥሎም ፋብሪካዎቹ ሲከተሉ፣ ሰነዱ ወረቀት ሆኖ ቀረ። ይህን ያየ አባት ለልጁ «አክሲዮን ግዛ» ባይለው አይፈረድበትም።

ነገር ግን እነዚያ ኪሳራዎች የመጡት ከአክሲዮን ባሕርይ ሳይሆን ከሕግ አለመኖር ወይም ከሕግ መፍረስ ነው። ቁማር አንዱ ያሸነፈውን ሌላው የሚያጣበት ነው፤ አክሲዮን ግን ከጀርባው የሚሠራ ድርጅት ካለ አዲስ ሀብት ይፈጥራል። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ያመጣው ትልቁ ለውጥም ደወሉና ሰሌዳው አይመስለኝም። አክሲዮን ለሕዝብ የሚሸጥ ድርጅት ደንበኛ ሳቢ መግለጫውን በካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ሳያጸድቅ መሸጥ አለመቻሉ ነው። በዚያ ሰነድ ውስጥ የድርጅቱ ዕዳ፣ በፍርድ ቤት የተያዘ ክርክር፣ ስጋቱ ሁሉ በጽሑፍ ይሰፍራል። በሚያሳዝን ሁኔታ ገዢው እሱን ትቶ ማስታወቂያውን ነው የሚያየው።

ሌላው ክርክር ከዚህ ይከብዳል። «መሬትና ቤት እያለ ወረቀት ምን ያደርግልኛል?» የሚለው ነው። እውነቱን ለመናገር ያለፉትን ሃያ ዓመታት መዝገብ ከፍቶ ለሚያይ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ይዞ የኖረ ያሸነፈ ይመስላል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ሲወሰን ዶላር በአጭር ጊዜ ከ57 ብር ተነስቶ ከ100 ሲያልፍ፣ ቤት ያለው ሰው ቤቱ አልቀለጠበትም። ይህን ክርክር ለመርታት አልሞክርም፤ ከፊሉን እቀበላለሁ። ግን ቤት በ9,900 ብር አይገዛም። ልጅ ሲታመም የቤት ሩቡ አይሸጥም። ካርታው ሲታገድ ወይም ለልማት ሲፈለግ የሚደርሰውንም ሁሉም ያውቃል። ቤት ለመግዛት አቅም የሌለው አብዛኛው ሕዝብ ምርጫው «ቤት ወይስ አክሲዮን» አይደለም፤ «ንረት የሚበላው ቁጠባ ወይስ አክሲዮን» ነው። በዚህ ንጽጽር አክሲዮን በጥንቃቄ ከተመረጠ የተሻለ ዕድል አለው ባይ ነኝ፤ ድርጅቱ የሚሸጠውን ዕቃ ዋጋ ከንረቱ ጋር መጨመር ይችላልና። የቦንድ ወለድ ግን ከተፈረመ አይነቃነቅም።

«ገበያው ገና ጨቅላ ነው፣ ጥቂት ድርጅት ተመዝግቦ ምን ይማሩበታል?» ለሚሉት ደግሞ መልሴ አጭር ነው። ወጋገን ባንክ ቀዳሚ ሆኖ ሲመዘገብ የተጀመረው ነገር ትንሽ ነው፤ ትንሽ በመሆኑም ሻጭ ሲበዛ ገዢ ሊጠፋ፣ ዋጋው በጥቂት ግብይት ሊዘል ይችላል። ይህ የሚያስረዳው ጥሪትን በሙሉ አንድ ጊዜ አለማስገባትን ነው፤ አለመማርን አይደለም።

እንግዲህ ለማን የቱ?

የሚወስነው ጊዜ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ለልጅ ትምህርት ወይም ለሕክምና የሚፈለግ ገንዘብ አክሲዮን ላይ መዋል የለበትም፤ ድርጅቱ የቱንም ያህል ቢወደስ። ለእሱ አጭር ጊዜ የሚቆይ ሰነድ ይስማማዋል። የመንግሥት ግምጃ ቤት ሰነድ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ ጨረታ እየተሸጠ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ወለዱ ከ15 በመቶ ያለፈበት ጊዜ ነበር፣ ከባንክ ቁጠባ ጋር የሚወዳደር አይደለም። አሥርና አሥራ አምስት ዓመት የማይነካ ገንዘብ ያለው ወጣት ሠራተኛ ደግሞ ረጅም ቦንድ በዝቅተኛ ወለድ ገዝቶ «ከስጋት ዳንኩ» ቢል ራሱን እያታለለ ነው፤ ለእሱ ስጋቱ ንረት ነውና አክሲዮን የግድ ያስፈልገዋል፣ ከአንድ ባንክ በላይ ተበትኖ፣ በየጊዜው በትንሽ በትንሹ ተገዝቶ። ባንክ ላይ ባንክ መደራረብ መበተን እንዳልሆነ ግን ይታወቅ። ሁሉንም የሚመታው ዱላ አንድ ነው።

መንግሥትም የሚጠየቀው አለ። ከእንግዲህ ለሕዝብ ቦንድ ሲሸጥ ወለዱ ከንረቱ ጋር የሚነጻጸር ይሁን፤ መዋጮ ከፈለገም መዋጮ ብሎ ይጠይቅ፣ ይህ ሕዝብ ነፍጎት አያውቅም። ሁለቱን መቀላቀል ሌላ ቦታም ዋጋ አስከፍሎናል። የአሜሪካ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ኮሚሽን ሰኔ 2008 ላይ፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በአሜሪካ ለሚኖሩ ከ3,100 የሚበልጡ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የግድቡን ቦንድ ሳያስመዘግብ 5.8 ሚሊዮን ዶላር ያህል መሸጡን ገልጾ ከሶት፣ ተቋሙ 6.5 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ለመመለስ ተስማማ። ብዙዎቹ ገዢዎች ለአገራቸው ብለው ነው የሰጡት። የአሜሪካው ሕግ ግን የገዢውን ስሜት አይጠይቅም፤ ቦንድ ከሆነ ገዢው ሙሉ መረጃ ይሰጠው ነው የሚለው። እኛም አገር መለመድ ያለበት ይኸው ነው።

ቦንድ በእጁ ያለ አንባቢ ሰርተፍኬቱን አውጥቶ የሚመለስበትን ቀን ያንብብ፤ ቀኑ አልፎ ከሆነ የሸጠለት ባንክ ዘንድ ሄዶ ይጠይቅ፣ ለአገር መተው ከፈለገም አውቆ ይተው። የባንክ አክሲዮን ያለው ደግሞ በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ውክልናውን ፈርሞ ለሌላ ከመስጠቱ በፊት የኦዲት ሪፖርቱን ያስልክ። ስብሰባው ላይ ስለ ትርፍ ድርሻው ከመጠየቁ በፊት ከተሰጠው ብድር ስንቱ እንዳልተመለሰና ባንኩ ስንት የመንግሥት ቦንድ እንደያዘ ይጠይቅ።